ባትሪ ቀይሩ ከማለታችሁ በፊት

ሰላም ለናንተ ይሁን የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምጽፈው። ባለፈው የመኪና ዓምዳችሁ ላይ ቆላ ያላችሁ ሰዎች መኪናችሁ ጠዋት አልነሳ ካለች መጀመሪያ ባትሪ ቀይሩ የሚል ምክር አነበብኩና አቦ ተናደድኩ፣ እኔ ይሄንኑ ሰምቼ ነው የወር ደሞዜን ያፈሰስኩት።

ሙቀት ባትሪ እንደሚገድል አልክድም፣ የድሬ ፀሐይ ውሃውን እያተነነ ውስጡንም ቶሎ ይበላዋል፣ እኛ ጋ ያለ ባትሪ ደጋ ያለውን ያህል አይቆይም። ግን አልነሳም ያለች መኪና ሁሉ ባትሪ ጨርሳለች ማለት አይደለም።

የኔዋ አሮጌ ኮሮላ ናት። ሐረር ለቅሶ ልደርስ ገና በጠዋቱ ቁልፍ ሳዞር "ቀጭ" አለች፣ አንዴ ብቻ፣ ከዛ ዝም። የሰፈር ልጆች ገፏት፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ወዲያው ተነሳች፣ ደንገጎንም እንደ ጉድ ወጣችው። በነጋታው እንደገና ቀጭ። ጋራዥ ወሰድኳት፣ መካኒኩ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) እንኳን ሳያወጣ "ባትሪ ነው" አለኝ፣ አሮጌውን ሰጥቼ አዲስ ገዛሁ። ሁለት ቀን ሰራችና ቀጭ። ሞተሪኖ፣ ማለት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያዞረው ነው ተባለ፣ የታደሰ ሞተሪኖ ገባ። አሁንም ቀጭ። ከዛ ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለውን) አስቀየረኝ፣ እኔም ሞኙ ከፈልኩ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሰውየውን አታገኙትም፣ በርጫ ላይ ነው።

መጨረሻ ላይ ያዳነኝ ድሮ ምድር ባቡር ኤሌክትሪሺያን የነበረ ጎረቤታችን ጋሼ ነው (ድሬ አንቱ የለም፣ እንዳትቀየሙኝ)። ኮፈን ሳይከፍት "ስትገፋ ትነሳለች?" አለኝ። በአንዴ አልኩት። "ታዲያ ካንዴላ ምን አስቀየረህ? በግፊ ከተነሳች ቤንዚንም እሳትም አላት ማለት ነው።" የፊት መብራት አብርቼ ቁልፍ እንዳዞር አደረገኝ፣ ቀጭ አለች፣ መብራቱ ግን ምንም አልደበዘዘም። ባትሪው ደክሞ ቢሆን መብራቱ ይሞት ነበር አለኝ፣ ወይ ደግሞ ጠጠጠጠ ትል ነበር።

ከዛ ቴስተሩን አመጣ። ባትሪው 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ጥቁሩን ገመድ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ "አዙር" ሲለኝ ከ5 ቮልት በላይ አሳየ፣ ዜሮ ምናምን ነበር መሆን ያለበት፣ ግማሽ ቮልት ካለፈ ጉድ አለ ማለት ነው። ከቤንዚን መስጫው ፔዳል ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሽቦ ንካው አለኝ፣ ሞቋል! ኤሌክትሪኩ መንገድ አጥቶ በዛች ቀጭን ሽቦ ሊመለስ ሲታገል ነው። ጀምፐር ኬብል ከኔጌቲቩ ወደ ሞተሩ ብረት ሲያጋጥም ያቺ ጉደኛ በአንዴ ብድግ አለች። ማሳው ነበር፣ ማለት ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ። ከሞተሩ የሚመጣው የማሳ ገመድ ጫፉ ላስቲኩ ስር አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ አዲስ ገመድ አሰርን፣ የሚታሰርበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው፣ አለቀ።

እና እባካችሁ በሚቀጥለው ዓምዳችሁ ሰው መጀመሪያ ድምፁን እንዲያዳምጥ ጻፉ፣ ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረው ካልተነሳ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቤንዚን ወይ እሳት ነው፣ በኢንጀክሽን የሚሰሩ ብዙ መኪኖች ላይ ቁልፉን ኦን ስታደርጉ የቤንዚን ፓምፑ ለ2 ሰከንድ ያህል ዝዝዝ ሲል ከኋላ ይሰማል፣ ካልተሰማ ፊውዙን እዩ። ባትሪም ከሆነ የምትጠረጥሩት አሳድራችሁ ለኩት፣ ከ12.4 በታች ከሆነ ቻርጅ ይደረግ፣ ሞተሩ ተነስቶ ደግሞ 14 አካባቢ ካላነበበ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ወይ እሱን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ነው፣ አዲስ ብትገዙም በሳምንቱ ያው ነው።

አሮጌ ባትሪዬን ልመልስ ብዬ ጋራዡ ሄጄ ነበር። ሸጬዋለሁ አለኝ። ይሰራል እንዴ ብለው "አቦ አሪፍ ባትሪ እኮ ነው" አይለኝም!