ይድረስ ለዘሃራ

ለውድ እህቴ ለዘሃራ፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ ደኅና ናቸው? የሀረጎን ተራራ ወርዶ ለሚደረስበት አገር ይህን ያህል ዝም ማለቴን በፍቅርሽ እለፊልኝ።

ብዕር ያስነሣኝ «ዘ ገርንዚ ሊተራሪ ኤንድ ፖቴቶ ፒል ፓይ ሶሳይቲ» የተባለው ልብ ወለድ ነው፤ ሜሪ አን ሻፈር ጀምራው፣ ጤናዋ ሲታወክ አኒ ባሮውስ ከዳር ያደረሰችው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር በያዛት ደሴት ሰዓት እላፊ ላይ የተያዙ ጎረቤታሞች «ከንባብ ማኅበር መመለሳችን ነው» ብለው ይዋሻሉ፤ ውሸቱ እንዳይታወቅም የእውነት ማንበብ ይጀምራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ፊልም አስቀድሜ አይቼ ወድጄው ነበር። መጽሐፉ ግን ከዳር እስከ ዳር ደብዳቤ በመሆኑ እያንዳንዱ ሰው ያነበበውን በራሱ አንደበት ይነግርሻል። የጌታውን ስም ይዞ ጀርመኖችን ያታለለው አሽከር ጆን ቡከር የጥንቱን ሮማዊ ፈላስፋ የሴኔካን ደብዳቤዎች ብቻ እየደጋገመ ያነባል፤ ከስካር ሕይወት ያዳነኝ ሴኔካና ማኅበሩ ነው ይላል። ፊልሙ ይህን ሰው ጭራሽ አስቀርቶታል። ለፍቅሩ ታሪክ ቦታ መልቀቁ ይገባኛል፤ ሆኖም መጽሐፍ የያዘ ሰው ከማሳየት አልፎ በልቡ ውስጥ የሚሆነውን ሊያሳየን አልቻለም።

ሽማግሌው ኤበን የጀርመን ወታደሮች ሲወርዱ ባየበት ቀን፣ ኋላ ከሼክስፒር ያገኘውን አንድ ስንኝ ቢያውቀው ኖሮ እንደሚጽናናበት ይጽፋል። እዚያ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍሁት። በ2014 ዓ.ም. ስልኩ ተቋርጦ፣ አንቺ ከታች እኔ ከላይ ሆነን ሳንደማመጥ የከረምንበት ኅዳር መጣብኝ። ያኔ ልነግርሽ የፈለግሁት... ይሁን፣ ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። እዚህ ጥቂት ሆነን አብረን ማንበብ ጀምረናል፤ የሚበዙት ግን ፊልሙን አይተን እንወያይ ይላሉ። እኔ ደብዳቤዎቹን ተከፋፍለን፣ ወደ አማርኛ እየመለስን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንድናነባቸው እፈልጋለሁ። ዕፅ ቀምማ ገበያ የምትሸጠውን፣ ያሰበችውን ሳትውጥ የምትናገረውን አይሶላን ካንቺ ሌላ ማን ያነብልኛል? ከምታሳድገው በቀቀን በቀር አንቺው ነሽ!

የምንሰበሰበው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዓርብ መጥተሽ እኔ ዘንድ እደሪ፤ የአይሶላን ደብዳቤዎች ለይቼ እጠብቅሻለሁ፤ የሚከብድ እንግሊዝኛ ቢኖር ማታውን አብረን እናየዋለን።

እህትሽ ሰናይት
ደሴ