ያ ወንበር ለምን ባዶ እንደሆነ ልንገራችሁ

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጎንደርና ስለ ኮሮና ክትባት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ለእናቴ ነው ያነበብኩላት። ስጨርስ ምንም አላለችም። «እስቲ ፎቶውን አሳዪኝ» ብቻ አለችኝ።

ፎቶውን አንባቢም አይቶታል። በአንድ ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ያለ ባዶ አግዳሚ ወንበር ነው። ከሥሩ «በግንዛቤ እጥረት ምክንያት ኅብረተሰቡ ለክትባት አልወጣም» ይላል። የምጽፈው ስለዚህች አንድ መስመር ነው። ያን ወንበር አውቀዋለሁ። በ2013 ዓ.ም. ከእናቴ ጋር ሁለት ጊዜ ተቀምጬበት ሳልከተብ ተመልሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ የመጣልን አስትራዜኔካ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሰው የሚሆን ነበር። አንዴ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ነርሷ 10 ሰው እስኪሞላላት ትጠብቃለች። መጀመሪያ የሄድን ቀን ስድስት ነበርን። እኔ፣ እናቴ፣ በመኪናው ያደረሰን ወንድሜ፣ ጎረቤቴና ሌሎች ሁለት ሰዎች። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥን። ሰባተኛ ሰው አልመጣም። «ረቡዕ ተመለሱ» ተባልን። ነርሷን አልወቅስም። ክትባት አባከንሽ ተብላ የምትጠየቀው እሷ ናት።

ረቡዕ ሄድን። ያን ቀን ደግሞ ክትባቱ ገና አልደረሰም ተባለ። እናቴ ያኔ 76 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። እኔ ስኳር አለብኝ። የበርበሬ መደቤን ዘግቼ፣ ለባጃጅ ደርሶ መልስ ከፍዬ ነው የሄድኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ተከተብን።

ጎረቤቴ ግን ሦስተኛ ጊዜ አልተመለሰችም። ጉሊት ነው የምትሸጠው። አንድ ቀን ካልሸጠች ማታ ለልጆቿ ምን ታቀርባለች? እናንተ እሷን ነው «ግንዛቤ የላትም» ያላችሁት። አምስት ልጆቿን አንድም ሳታስቀር አስከትባለች። የኩፍኝ ክትባት ዘጠኝ ወር ላይ እንደሚሰጥ ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት። የልጆቹን ካርድ በፌስታል ጠቅልላ ከቤቱ ካርታ ጋር ነው የምታስቀምጠው።

ልጄ የጤና ተማሪ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ከ10 ታላላቅ የጤና ስጋቶች አንዱ ብሎ የመደበው ክትባት ለመውሰድ ማመንታትን እንደሆነ የነገረችኝ እሷ ናት። የድርጅቱ አማካሪዎችም ሰው ለምን ያመነታል ብለው ሲመረምሩ «አላዋቂ ስለሆነ» ብለው አልዘጉትም። ክትባቱንና ሰጪውን ያምናል ወይ? በሽታውን ይፈራል ወይ? ክትባቱ ደጁ ድረስ ቀርቦለታል ወይ? እያሉ ነው ያዩት። የእናንተ ዘጋቢ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ያችን መስመር አይጽፋትም ነበር።

ስለ እምነት እናውራ። አገራችን ክትባቱን መስጠት የጀመረችው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ዴንማርክ ደግሞ ይህንኑ ክትባት በደም መርጋት ስጋት ያቆመችው መጋቢት 2 ነው። በቀናት ውስጥ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ተከተሉ። መጋቢት 9 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ «ጥቅሙ ያመዝናል» አለ። የማቆሙ ወሬ ጎንደር ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ተመርምሮ እንደገና መፈቀዱን ግን ቤታችን ድረስ መጥቶ የነገረን የለም። እንዲህ ያለ ጊዜ «ትንሽ ልየው» ያለ ሰው አላዋቂ ነው?

ሌላም አለ። የጎንደር ሰው ዘመዱ አሜሪካ ነው፣ እስራኤል ነው። እስራኤል ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ ሕዝቧን ፋይዘር ስትከትብ ነበር። የአንዷ የማኅበራችን ሴት እህት ከዚያ ደወለች። «እኛ ሁላችንም ወስደናል፤ ምንም አይላችሁም» አለች። ያች አንድ ስልክ የቀበሌው ሞንታርቦ ሳምንቱን ሙሉ ጮኾ ካመጣው ሰው የበለጠ አመጣች። ግን ጥያቄም ይዛ መጣች። እነሱ ፋይዘር፣ እኛ ለምን ሌላ? ፋይዘር ያኔ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልግ ነበር። አስትራዜኔካ በተራ ማቀዝቀዣ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ሀብታሞቹ አገሮችም ቀድመው ገዝተው ጨርሰውት ነበር። ይህን የሰማሁት ከዓመት በኋላ ከልጄ ነው። ያኔ ቢነገረን ይገባን ነበር።

ሴቶቹ «ጸበልን መረጡ» ብላችኋል። እናቴ ጸበል ትጠጣለች። ክትባቱንም ወስዳለች። ከመሄዷ በፊት የንስሐ አባቷን ጠይቃ «ሐኪሙንም የፈጠረ እሱ ነው፣ ሂጂ» ብለዋታል። 666 ነው፣ ያመክናል የሚል ወሬ አልነበረም አልልም። ነበር። ወጣቶቹን ክፉኛ ያስፈራቸው ማምከኑ ነው። ያን ፍርሃት የሰበረችልን አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቡና ላይ መጥታ እስከ በረካ ተቀመጠች። ክንዷን ገልጣ አሳየችን። «እኔን ሁለት ቀን አተኮሰኝ፣ ከዚያ ተወኝ» አለች። ስለነገረችን እኛም ሲያተኩሰን አልደነገጥንም። ለዚህች ልጅ በዘገባችሁ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልሰጣችኋትም። በጣም ነው ያናደደኝ።

እናቴ የተወለደችው ደንቢያ ውስጥ፣ ኮላድባ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ ደንቢያን ሲፈጅ ልጅ ነበረች። ቀባሪ የጠፋበትን ቀን ዛሬም ታወራለች። ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው ያን እልቂት ተከትሎ ነው። ወረርሽኝ ምን እንደሆነ ለዚህች ሴት ማን ያስተምራታል?

ጦርነቱንም ዘላችሁታል። የ2013 ክረምት ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ልጁን ግንባር የላከ፣ ተፈናቃይ ቤቱ ያስጠጋ ሰው ስለ ኮሮና የሚያስብበት ልብ ከየት ያምጣ? ሁለተኛው ዙርም ዘገየ። ሕንድ ክትባቱን ወደ ውጭ መላክ ገትታ ነበር። መዝገብ ላይ ግን «ሁለተኛውን ዙር አልወሰዱም» ተብሎ የሚጻፈው በእኛ ስም ነው።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። 58 ዓመቱ ነበር፤ ደም ግፊት ነበረበት። መጀመሪያ አልሄድም ብሎ ነበር። ምክንያቱ 666 አልነበረም። ከዓመታት በፊት ሚስቱ ምጥ ላይ ሆና በአንድ ሆስፒታል አመናጭቀዋታል። እሱንም ከበር ገፍትረው አስወጥተውታል። «ያን ቀን እንደ ሰው ያላዩኝ ዛሬ ለእኔ አስበው ነው?» ይል ነበር። ሁለት ሳምንት ለምኜው፣ እናቴ አልቅሳበት ነው እሺ ያለው። እሺ ያለበት ቀን ያ ስድስት የሆንንበት ቀን ነው። ብልቃጡ ሳይከፈት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ስለ ክትባት ባነሳሁበት ቁጥር «ሄጄ ነበር እኮ» ነበር መልሱ።

ጳጉሜ ላይ ታመመ። ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይቶ አረፈ። ክትባቱ በእርግጥ ያተርፈው ነበር ብዬ መማል አልችልም። ዕድሉን ግን ሄዶ ጠይቆ ነበር።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከፎቶው ሥር ያለውን መስመር አርሙ። እርማቱንም ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አውጡት። እናቴ ያን ዕለት ፎቶውን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በወንበሩ ጫፍ፣ ወደ በሩ በኩል፣ ጣቷን አስቀመጠች። «እዚህ ጋ ነበር የተቀመጠው» አለችኝ።

በርበሬ ነጋዴ፣ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ