የእንግሊዝኛ ክበብ ዘገባ፦ የአንዲት መዝጊያ ሐረግ ጉዳይ

ሳምንታዊ ስብሰባዎች ተካሂደዋል፣ ተጠሪዎች ተመርጠዋል፣ የግድግዳ ጋዜጣውም ወጥቷል። አብዛኛውን ጊዜያችንን የወሰደው ግን የደብዳቤ አጻጻፍ፣ በተለይም «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» (መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ) የምትለው መዝጊያ ናት። «ለአንዲት ሐረግ ይህን ያህል?» ላሉን፦ ተማሪው ለሥራም ሆነ ለትምህርት ዕድል ሲያመለክት አንባቢው መጨረሻ ላይ የሚያያት እሷን ነው።

ስህተቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ በ«ሂሪንግ» ፈንታ «ሂር» ይጻፋል። ተማሪው «ዋንት ቱ» (መፈለግ) እና «ሆፕ ቱ»ን (ተስፋ ማድረግ) ስለለመደ ከ«ቱ» በኋላ ሁልጊዜ ባዶ ግስ፣ ማለትም «ኢንግ» የሌለው፣ ያስከትላል። እዚህ ያለችው «ቱ» ግን መስተዋድድ ናት፤ ስም ወይም ስም ሆኖ የሚያገለግል ባለ «ኢንግ» ግስ ትፈልጋለች። መፈተኛው ግሱን አውጥቶ ስም መተካት ነው። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ» («ዩር ሪፕላይ» መልስዎ ማለት ነው) ያስኬዳል፤ ስለዚህ ግሱ ሲመለስ «ኢንግ» ይዞ ይመለሳል።

ይህን ስንሠራ፣ ብዙም የማትናገር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ‹አይ ሆፕ ቱ ሂር› ለምን ትክክል ሆነ?» ብላ ጠየቀች። መልስ ሳትጠብቅ ጠመኔ አንስታ «አይ ሆፕ ቱ ዩር ሪፕላይ» ብላ ጻፈች፤ ድምፅ አውጥታ አነበበችና ራሷ ሰረዘችው። «ስም አልተቀበለችም፤ ይቺኛዋ ‹ቱ› የግሱ ናት» አለች። ደንብ መሸምደድና ደንብ መረዳት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ በጣም ኮርተንባታል። ጓደኞቿም በዚያው መፈተኛ «አይ ዩዝድ ቱ ራይት» (ድሮ እጽፍ ነበር) እና «አይ አም ዩዝድ ቱ ራይቲንግ» (መጻፍ ለምጃለሁ) የሚሉትን ለዩ።

ሌላም አለ። «ፎርዋርድ» የመጽሐፍ መቅድም ከሚባልበት «ፎርወርድ» ጋር በፊደል ይምታታል። ለመሥሪያ ቤት «አይ ሉክ»፣ ለወዳጅ «አይም ሉኪንግ» ይሻላል። መልስ በማይጠበቅበት የምስጋና ደብዳቤ ደግሞ ሐረጓ ጨርሶ አትገባም።

የደብዳቤ ውድድራችን በወረቀት እጥረት ቀርቷል። መዝገበ ቃላቶቻችን ፍቺ እንጂ የአጠቃቀም ምሳሌ የላቸውም፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ምን እንደምታስከትል ከእነሱ ማወቅ አይቻልም። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ለመዋጮ ካሰቡ፣ ቅድሚያ የምንጠይቀው ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያላቸውን የተማሪ መዝገበ ቃላት ነው፤ ያገለገሉም ቢሆኑ በደስታ እንቀበላለን።