ከሚቀጥለው ስሪት ጀምሮ የጃቫ ፓኬጆች ስለሚጠሩበት መንገድ

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ከፓይዘን ኮድ ውስጥ የጃቫ ፓኬጅ ኢምፖርት ስለማድረግ

ፓይዘንን ከጃቫ የሚያገናኘው ድልድያችን እስካሁን አንድ ስም ኢምፖርት ስታደርጉ (ሌላ ቦታ ያለ ኮድ በስሙ ስትጠሩ) የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ራሱ ይገምት ነበር። ከሚቀጥለው ስሪት ጀምሮ አይገምትም። የጃቫ የሆኑትን የፓኬጅ (በአንድ ስም ሥር የተሰባሰበ ኮድ) ስሞች በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ እናንተ ታስመዘግባላችሁ፤ ያልተመዘገበ ስም ወደ ጃቫ አይሻገርም። «ሲሠራ የነበረውን ምን አስነካችሁ?» የሚለን ስለማይጠፋ ምክንያቱን እናስረዳ።

ሁለቱም ቋንቋዎች ኢምፖርት አላቸው፤ የሚያደርጉት ግን ለየቅል ነው። በፓይዘን፣ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ የሚፈጸም ትእዛዝ ነው። ሞጁሉ (የተጠራው የፓይዘን ኮድ) ቀድሞ ሎድ ተደርጎ እንደሆነ ይታያል፤ ካልተደረገ የተሰለፉት ፈላጊዎች በየተራ ይጠየቃሉ፤ ቀድሞ «እኔ ጋ አለ» ያለው ይረከበዋል። በጃቫ ግን ረጅም ስም ላለመደጋገም ለኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደሚሠራ ፋይል ለሚቀይረው ፕሮግራም) የሚነገር ማሳጠሪያ ነው። ኮምፓይል ከተደረገ በኋላ በሚወጣው የክላስ ፋይል (ክላስ የጃቫ ኮድ የሚጻፍበት አሃድ ነው) ውስጥ የሚገኘው የክላሱ ሙሉ ስም ብቻ ነው።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ክላሶችን ፈልጎ የሚጭነውን የጃቫ ክፍል፣ ክላስ ሎደሩን፣ «ጃቫ.ዩቲል.አሬይሊስት አለ ወይ?» ብትሉት ቁርጡን ይነግራችኋል። «ኦርግ የሚባል ፓኬጅ አለ ወይ?» ብትሉት ግን የሚታመን መልስ የለውም፤ ለእሱ ፓኬጅ የክላስ ስም መነሻ እንጂ ራሱን ችሎ የቆመ ነገር አይደለም። ፓይዘን ደግሞ መልሱን እዚያው፣ ገና የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ሲደርስ ይፈልጋል። ድልድዩ ሁሉንም «አለ» ካለ የተሳሳተ ፊደል ያለበት ስም ዝም ብሎ ያልፍና ከብዙ መስመሮች በኋላ ሌላ ቦታ ላይ ይፈነዳል። «የለም» ካለ ደግሞ ትክክለኛውን ስም ይከለክላል። በትልቅ ፊደል የሚጀምረውን ክላስ፣ በትንሽ የሚጀምረውን ፓኬጅ አድርጎ መውሰድ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ይህ ልማድ እንጂ የቋንቋው ሕግ አይደለም። ኮዳቸው እንዳይነበብ ስማቸው የተድበሰበሰ ላይብረሪዎች ውስጥ «ኤ» ወይም «ቢ» የሚባል በትንሽ ፊደል የተጻፈ ክላስ ሞልቷል።

ግምት ምን ያህል ሰዓት እንደሚበላ ለማየት ይህን ሞክሩ። አንድ ጃር ፋይል (የጃቫ ክላሶች አንድ ላይ የታሸጉበት ፋይል) ውስጡን ለማየት ብላችሁ በፕሮጀክቱ ፎልደር ላይ ዘርግፉት። «ኮም» ወይም «ኦርግ» የሚባል ፎልደር ይፈጠራል። በ2012 ከወጣው ፓይዘን 3.3 ወዲህ ምንም የፓይዘን ፋይል የሌለበት ፎልደር እንኳ እንደ ፓኬጅ ይቆጠራል። ስለዚህ የፓይዘን መደበኛ ፈላጊ ከድልድዩ በፊት ከተጠየቀ «ኦርግ» የሚለውን ስም ያ ፎልደር ይወስደዋል፤ በውስጡ «አፓቺ» የሚባል ፎልደር ከሌለ ቀጥሎ «ኦርግ.አፓቺ የሚባል ሞጁል የለም» የሚል ኤረር ይመጣል። የምትፈልጉት ጃር ክላስፓዝ (ጃቫ ክላሶችን የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ላይ አለ፣ ክላሱም ጃሩ ውስጥ አለ። ሰው ሁሉ ጃቫ ጃቫውን ሲያስስ ይውላል፤ ጥፋተኛው ግን ሁሉም የረሳው ፎልደር ነው።

በአዲሱ አሠራር ለተመዘገቡት ስሞች ድልድዩ ቀድሞ ይጠየቃል። ሲነሳ ክላስፓዙ ላይ ያሉትን ጃሮች ከፍቶ የክላስ ፋይሎቹን ስም ያነባል፤ አንዳንድ ጃሮች ፎልደሮቻቸውን ለይተው ስለማይመዘግቡ በፎልደር ዝርዝር ላይ አንተማመንም። በተመዘገበ ስም የሚጠራ የፓይዘን ፓኬጅም ከተገኘ ሁለቱ ያሉበትን ቦታ ጠቅሶ ይቆማል እንጂ አንዱን አይመርጥም። ስትመዘግቡ በተቻለ መጠን ረጅሙን ስም ስጡ፤ «ኦርግ» ብቻ ከማለት «ኦርግ.አፓቺ.ፖይ» ይሻላል። በነገራችን ላይ ፓይዘን ለራሱ የያዛቸው እንደ «ኢን» እና «ኢዝ» ያሉ ቃላት በጃቫ ፓኬጅ ስም ውስጥ ካሉ መጨረሻቸው ላይ የግርጌ ሰረዝ ጨምሩ።

ክላስፓዙን በኮከብ ምልክት የምትሞሉ ደንበኞችም አላችሁ። ኮከቡ በፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ጃሮች ያመጣል፤ በየትኛው ቅደም ተከተል ግን ጃቫ ቃል አይገባም፣ ንዑስ ፎልደሮችንም አይነካም። አንድ ላይብረሪ በሁለት ስሪት ተቀምጦ ከሆነ ቀድሞ የተገኘው ያሸንፋል። በአንዱ ማሽን ሠርቶ በሌላው እምቢ የሚል ፕሮግራም ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ጃሮቹን በስም ብትዘረዝሩ ይሻላል።

የኤረር መልእክቶቹም ይለወጣሉ። «ሞጁል የለም» ከሚለው የፓይዘን መልስ ሥር ጃቫ ራሱ ያለውን አብረን እናሳያለን፤ ልዩነቱ ትልቅ ነውና። «ክላስ ኖት ፋውንድ» ካለ የጠራችሁት ክላስ ራሱ አልተገኘም ማለት ነው። «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ» ካለ ግን ብዙ ጊዜ የጠራችሁት ተገኝቶ እሱ የሚደገፍበት ሌላ ክላስ ጠፍቷል፤ ያኔ የጎደለውን ጃር ፈልጉ እንጂ ስሙን ደጋግማችሁ አትጻፉ። የክላስ ፋይሉ ስሪት 61 ሆኖ የምታስኬዱት ጃቫ እስከ 55 ብቻ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ለጃቫ 17 የተዘጋጀ ላይብረሪ በጃቫ 11 ላይ እየሞከራችሁ ነው።

አዲሱ ስሪት እስኪወጣ አሁን ባላችሁ ላይ የማስጠንቀቂያ ሁነታውን ከፍታችሁ ፕሮግራማችሁን ከነሙከራዎቹ አስኬዱት። በግምት ያለፉት ስሞች በሎግ ፋይሉ ላይ ይዘረዘራሉ፤ ዝርዝሩን አይታችሁ የጃቫ የሆኑትን ወደ ማዋቀሪያው ገልብጡ። ስሙ የማን እንደሆነ ካልለያችሁ ሎግ ፋይሉን ከክላስፓዙ ጋር ላኩልን፣ አብረን እናየዋለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የልማት ክፍሉ