ስለ ጉሎ ዘይት፣ ስለ ጣቶቼና ስለ እናትሽ ጠርሙስ

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ድሮ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ስንጽፍ እንዳስለመዱን። ግን ይቺን ቃል ስጽፍ ሳቄ መጣ። እኔና አንቺን ያጣላን እኮ ያ "ደህና ነኝ" ያልኩሽ ነገር ነው።

ሦስት ዓመት አለፈ። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። "የመገጣጠሚያ ሕመሜን መድኃኒት አቁሜዋለሁ፣ ድኛለሁ" ስልሽ ትንሽ ዝም አልሽና "ማን አቁሚ አለሽ?" አልሽኝ። አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ሁሉን የምታውቂ ይመስልሻል ብዬ ጆሮሽ ላይ ጠረቀምኩት። ለፋሲካ መልእክት ላክሽልኝ፤ አልመለስኩም። ተናድጄ እንዳይመስልሽ። ያኔ ስልክ የሚይዝ እጅ አልነበረኝም። ያንን ደግሞ ላንቺ ከመናገር ሞት ይሻለኝ ነበር።

አሁን ብዕር ያስነሱኝ እናትሽ ናቸው። አትደንግጪ፣ ደህና ናቸው። ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ቡና እየቆሉ ሳለ መደርደሪያው ላይ፣ ከስኳር ኪኒናቸው ጎን፣ በማር ጠርሙስ የተሞላ ቡናማ ዱቄት አየሁ። "ምንድን ነው ይሄ እትዬ?" አልኳቸው። "የህንድ ነው፣ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል አሉኝ።" ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈ ነገር የለም። ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ፣ ምን አለበት፣ ምንም። ለካ የማታውን ኪኒን ከተዉት ሰንብተዋል። "አንቺስ ህንድ ሄደሽ አይደል የዳንሽው?" ሲሉኝ ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ጉራዬ እኔን ቀድሞ እዚያ ቤት ገብቷል።

ስለዚህ ያኔ ጀምሬ ያልጨረስኩልሽን ወሬ ዛሬ ልንገርሽ።

ደቡብ ህንድ፣ ኬረላ የገባሁት በ2014 ሐምሌ 17 ነው። ባንጋሎር የሚማረው ወንድሜ ነው ጎትጉቶ የወሰደኝ። ያረፍነው ኮታካል የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነበር። እዚያች ከተማ በ1902 እ.ኤ.አ. ፒ. ኤስ. ቫሪየር የሚባል ሐኪም የአዩርቬዳ፣ የህንድ ባህላዊ ሕክምና፣ መድኃኒት መሥሪያ ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ ከአዩርቬዳ ጋር ተጣብቆ ቀረ። እኔ የተኛሁት አጠገቧ ባለች፣ ሃያ አልጋ እንኳ በሌላት ቤት ነው። ዝናቡ ከኛ ክረምት ይብሳል። እነሱ ያንን ወር ካርኪዳካም ይሉታል። ሰውነት የሚደክምበት፣ ስለዚህም ሰው ራሱን የሚያክምበት ወር ነው። በየቤቱ ቅጠላ ቅጠልና ቅመም የገባበት የሩዝ አጥሚት ይጠጣል። ውሃው እንኳ ሮዝ ነው! መጀመሪያ ቀን ቀይ ሥር የታጠበበት መስሎኝ መልሼላቸው ነበር። ፓቲሙጋም የሚሉት እንጨት ተፈልቶበት ነው ለካ።

ሐኪሟ ከኔ ታንሳለች። ለአዩርቬዳ ዲግሪ አምስት ዓመት ተኩል ይማራሉ፤ እኔ ግን ጺሙን ያንዠረገገ ሽማግሌ ነበር የጠበቅኩት። ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ጠየቀችኝ። ረሃብሽ በስንት ሰዓት ይመጣል? ከበላሽ በኋላ ይከብድሻል? ሌሊት ስንቴ ትነቂያለሽ? ጠዋት ስትነሺ ጣቶችሽ እስኪፈቱ ምን ያህል ይቆያል? ምላሴን አየች። የደም ምርመራዬንም ዘርግታ አየች፤ እሱን አይንቁም። ከዚያ የምወስደውን መድኃኒት ዝርዝር ጠየቀችኝ። ሜቶትሬክሴት፣ ያ የመገጣጠሚያዬ ኪኒን፣ በሳምንት አንዴ። በካርዴ አናት ላይ ጻፈችውና ከሥሩ አሰመረችበት። "ይሄ ይቀጥላል። የጉበት ምርመራሽም ይቀጥላል" አለችኝ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ይቺን ነገር ያዢልኝ።

ለበሽታዬ የሰጡት ስም አማቫታ ነው። የሆድ እሳት ሲደክም የተበላው ሳይበስል ይቀራል፤ ያ ጥሬ ነገር አማ ይባላል። ነፋሱ፣ ማለትም ቫታ፣ ተሸክሞ መገጣጠሚያ ውስጥ ይከተዋል ይላሉ። ሳቂ፣ ግድ የለም። እናንተ ደግሞ ሰውነት በራሱ ላይ ሲዘምት ነው ትላላችሁ፤ እኔም የማምነው እሱን ነው። ነፍሷን ይማረውና እናቴ ግን "ብርድ ገባብኝ" ነበር የምትለው፤ ከነሱ ነፋስ ብዙም አይርቅም።

ያ ግንባር ላይ ዘይት ሲንጠባጠብ የሚያሳየውን ፎቶ አይተሻል አይደል? እኔም የሄድኩት ለሱ ነበር። ሳምንት ሙሉ ጠብታ ዘይት አልነካኝም። አማ እያለ ዘይት ማፍሰስ ሕመሙን ያባብሰዋል ይላሉ። ያገኘሁት አሸዋ ነው። በብረት ምጣድ የጋለ አሸዋ በጨርቅ ይቋጥሩና ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው ጉልበትሽን፣ አንጓሽን፣ ትከሻሽን ይተኩሱሻል። ቋጠሮውን መጀመሪያ በራሳቸው መዳፍ ጀርባ ይለኩታል። ከዚያ እኩል ያነሳሉ፣ እኩል ያሳርፋሉ፤ ሙቀጫ የሚወቅጡ ሁለት ሴቶች ታውቂ የለ፣ እንደዚያ። አንደኛዋ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ ቋንቋቸውን ማላያላም አላውቅ፤ ሲያመኝ ግን ከኔ ቀድማ "እሽሽ" ትላለች። ከታመምኩ ጀምሮ ሳይቸኩል የነካኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት መሰለኝ። ትንሽ አለቀስኩ። ላቤ ነው ብላ ጠረገችልኝ።

ከዚያ ደግሞ ጉሎ! አዎ፣ እናቴ ምጣድ የምታስስበት ጉሎ። ዘይቱን በማንኪያ፣ ከዝንጅብል ውሃ ጋር፣ በባዶ ሆድ። ስለዚህ በሽታና ስለ ጉሎ የቆየ የሳንስክሪት ግጥም አላቸው። አማቫታ በሰውነት ጫካ ውስጥ የሚንጎራደድ ዝሆን ነው፤ እሱን ብቻውን የሚጥለው አንበሳ የጉሎ ዘይት ነው ይላል። አንበሳው እኔን በመጸዳጃ ቤት በር ላይ ሲያመላልሰኝ ዋለ። ፍልሰታ ገብቶ ነበርና ቢያንስ ጾሜን አላስፈታኝም። ምግቡም ሩዝና ማሾ ነው፤ ከጾመኛ ጋር የተስማማ አገር ነው። የጠዋትና የማታው ካሻያም ግን፣ ያ ሥር ተቀቅሎ የሚጠጣው፣ ሬት ነው ሬት። አሥራ አምስት ሚሊ ብቻ በሞቀ ውሃ ይበረዛል፤ እሱንም አፍንጫዬን ይዤ ነው።

በአሥራ አራተኛው ቀን የሹራቤን ቁልፍ ራሴ ቆለፍኩ። ወንድሜን በቪዲዮ ጠርቼ ፈትቼ እንደገና ቆለፍኩለት።

እና ምን አዳነኝ? እስቲ ቁጠሪው። ማታ ሦስት ሰዓት እተኛለሁ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እነሳለሁ። ሃያ አንድ ቀን ሽንኩርት አልከተፍኩም፣ ልብስ አላጠብኩም፣ የማንንም ንዝንዝ አልሰማሁም። ጠዋት ማታ ይታሻል፣ ይተኮሳል። ሜቶትሬክሴቱም ደሜ ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ስመለስ ግን ይሄን ሁሉ ረስቼ "አዩርቬዳ አዳነኝ" አልኩ። ለሰፈር፣ ለማኅበር፣ ላንቺም። ኅዳር ላይ ኪኒኑን አቆምኩ። ያቺ ሐኪም ያሰመረችበትን!

ትዝ ካለሽ በስልክ ስንጨቃጨቅ "ጥናት አለ" ብዬሽ ነበር። አለ፤ አልዋሸሁም። ደቡብ ህንድ፣ ኮይምባቶር ላይ የተሠራ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ። የአዩርቬዳ መድኃኒት፣ ሜቶትሬክሴትና ሁለቱንም አንድ ላይ የወሰዱ ሰዎችን ያነጻጽራል፤ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር። እኔ እዚህ ድረስ አነበብኩና ተውኩት። ሰዎቹ በጠቅላላው 43 ብቻ ነበሩ። እሱም መነሻ ሙከራ ነው፣ በሐኪም ክትትል የተሠራ። ኪኒኑን በራሷ ፈቃድ ስላቆመች ሴት የሚለው ነገር የለም።

በሁለት ወር ተኩል ውስጥ አንጓዬ እንደ ዳቦ አበጠ። የበር ቁልፍ ማዞር አቃተኝ። ልጄ እንጀራ ትቆርስልኝ ነበር፤ እናት ለሆነ ሰው ይሄን ጉርሻ አትበይው። ኪኒኑን እንደገና ጀምሬ እስኪይዘኝ ወራት ፈጀ። ህመሙ ሄደ። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ግን አልተመለሱም፤ ጎብጠው ቀርተዋል። የጽሕፈቴ መበላሸት ከዚያ ነው፣ እንዳትቀልጂብኝ።

አሁንም ከዚያ የያዝኩት ነገር አለ። ራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እበላለሁ። ማታ እጆቼን በሞቀ ሰሊጥ ዘይት አሻለሁ። ጠዋት ሰውነቴን አፍታታለሁ፤ ዮጋ ነው ስላት ልጄ ትስቅብኛለች። ነገ ገንዘብ ባገኝ ተመልሼ ለዚያ አሸዋ እሄዳለሁ፣ ኪኒኔን በቦርሳዬ ይዤ።

ወደ እትዬ ልመለስ። እሑድ ዕለት አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ህንድ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የስኳር ሕመምተኛ አለ። "ዱቄቱ ከሥሩ የሚነቅል ቢሆን እነሱ ምን ነካቸው?" አልኳቸው። "አይ እንግዲህ" አሉና ጀበናውን አነሱ። እዚያው ህንድ ስኳርን አድናለሁ ብሎ ማስተዋወቅን ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ ይከለክላል፤ እሱንም ነገርኳቸው። ቦስተን አካባቢ በሱቅ የሚሸጡ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ተመርምረው 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ መገኘቱን አልነገርኳቸውም። ይሄ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አንዳንዱ ብረት በስህተት የገባ አይደለም፤ አቃጥለውና አጥርተው መድኃኒት ብለው የሚጨምሩበት ወግ አለ። እትዬን ከማስደንገጥ ላንቺ ብነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው። አብሽ ብቻ ቢሆን እሺ፤ ህንዶቹም አብሽና መራራ ዱባቸውን ከምግብ ጋር ይበሉታል። እሱም ቢሆን ከኪኒኑ ጋር ተደራርቦ ስኳራቸውን ከልክ በታች እንዳያወርደው ሐኪማቸው ማወቅ አለበት። ስም የሌለው ዱቄት ግን ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

በመጨረሻ ቃል ሲያልቅብኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። "ቀና አድርጊያቸው" አሉኝ። "እምቢ ብለዋል እትዬ" አልኳቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነኩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የማታውን ኪኒን አምጥተው ፊቴ ዋጡት። ዱቄቱን ግን አልጥልም አሉ። ብር ተከፍሎበታል።

ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው። እኔ ነኝ የምወስዳቸው፤ ጠርሙሱንም በፌስታል ይዘን ሐኪሙ ፊት እናስቀምጠዋለን ተባብለናል። ሰኞ ማታ ደውዪላቸውና አንቺም አንድ ቃል በያቸው። ከኔ ይልቅ አንቺን ይሰማሉ። እዚያው ነው የማድረው። ስልኩን ካቀበሉኝ አልዘጋብሽም።

ያንቺው ጎባጣ ጣት