ዳገት የሌለበት አገር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ላሚቱም ሳትቀር ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በየሳምንቱ በስልክ እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። የሆዴን በስልክ ስጀምርልሽ ወይ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ወይ አንቺ «ይቆጥርብሃል» ትዪና ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። ማሙሽ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። እየዘለለ እንዳያነብ ደግሞ፤ አውቀዋለሁ።

ባለፈው እሁድ የጓሮው ዋንዛ ተቆርጦ በቦታው ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ይሠራ፣ ለተማሪ ይከራያል አልሽኝ። እኔ «ላስብበት» ብዬ ዝም አልኩ። ቅር እንዳለሽ ከድምፅሽ ገብቶኛል። ገንዘቡን ሰስቶ ነው እንዳትዪ። ገንዘቡ ይላካል። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለመንገር ደግሞ ትንሽ ዞር ብዬ መምጣት አለብኝ።

ስለዚህ ካናዳ አገር፣ ስለ ዊኒፔግ ብርድ ነግሬሻለሁ፤ አልደግመውም። ጃኬት ይለበሳል፣ ያልፋል። እኔን የከበደኝ ሜዳው ነው። እማ፣ ይሄ አገር ምጣድ ነው። ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትዪ በአራቱም ማዕዘን አንዲት ጉብታ አታዪም። ሰማዩ እንደ አክንባሎ ዙሪያውን መሬት ድረስ ተደፍቷል። ሰኔ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የምትጠለልበት ተራራ የላትማ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ልብሱን እንዳወለቀ ሰው እሸማቀቃለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂብኝ። በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ጥር ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 በሆነበት ማታ ጠፋሁ። የስልኬ ባትሪ በብርዱ ሞተ። አንዱን መንገደኛ ብጠይቀው «ሁለት መንገድ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ» ብሎኝ ሄደ። ሰሜን? ጅማ ውስጥ ማን ነው በሰሜን የሚሄደው? እኛ ቤት «ወደ ጅሬን ከፍ በል»፣ «ወደ አዌቱ ውረድ» ነው። መንገዱን የሚያውቀው እግርሽ ነው። ከደከመሽ እየወጣሽ ነው፣ ጉልበትሽ ከፈጠነ እየወረድሽ ነው። እዚህ እግሬ ምንም አልነገረኝም። በተቃራኒው አራት ፌርማታ ሙሉ ሄጄ፣ ጆሮዬ ደንዝዞ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገብቼ ተረፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ለአንቺ ተናገርኩ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከቆየሁ በኋላ ነው። የምሠራበት መጦሪያ ቤት አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስንዴ ሲያርሱ የኖሩ። እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ይሄ ሁሉ ሜዳ የሐይቅ ወለል ነበር። የጥንቱ በረዶ ግግር ሲቀልጥ ውሃው እዚህ ተኝቶ፣ አሁን ካሉት ከአምስቱ ታላላቅ የአሜሪካ ሐይቆች ድምር የሚበልጥ ሐይቅ ሠርቶ ነበር፤ አጋሲዝ ይሉታል። ከደረቀ 8,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጭቃው ግን አለ። በጸደይ ስትረግጪው እንደ መረሬ አፈር ጫማሽን ይዞ አይለቅም። እንግዲህ ልጅሽ የሚኖረው ሐይቅ ወለል ላይ ነው ማለት ነው። ከተማው ከባሕር ወለል 240 ሜትር ቢሆን ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ የወፈረብኝ ወድጄ አይደለም።

እኚሁ ሽማግሌ አንድ ቀን ስለ አገሬ ጠየቁኝ። ስልኬን አውጥቼ አንቺ የላክሽልኝን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ያንን በጭጋግ ውስጥ ቡናውና እንሰቱ፣ ከላይ ደግሞ ዛፉ የሚታይበትን። ያደንቃሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጨፈገግ አለ። «ታዲያ ሰማዩ የት አለ?» አሉኝ። በጎልማሳነታቸው ሚስታቸውን ይዘው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሮኪ ተራሮች ለሽርሽር ሄደው ነበር። ሦስት ቀን ሳይሞላ ተመለሱ። ተራራው ላያቸው ላይ የሚወድቅ እየመሰላቸው እንቅልፍ አጡ። እዚህ ሜዳው አገር አንድ ቀልድ አለ፦ ውሻህ ጥሎህ ቢጠፋ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሮጥ ታየዋለህ ይላሉ። ሰውየው ግን ይሄን ሲያወሩ እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ መመኪያ ነው።

«ሰማዩ የት አለ» ሲሉኝ ማን ትዝ አለኝ መሰለሽ? እምዬ።

እናትሽ ጅማን ስታማ ያልሰማ ጎረቤት የለም፤ ነፍሷን ይማርና። ከመንዝ መጥታ፣ ወልዳ ከብዳ፣ አርባ ዓመት ቡና ጠጥታ፣ «ይሄ አገር አረንጓዴ ጉድጓድ ነው» ትል ነበር። «ዓይኔ ግድግዳ ይገጫል» ትላለች በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ፤ ከፊቷ ዋንዛና አቮካዶ ብቻ ነው እኮ የነበረው! እኛ እንስቅ ነበር። አንቺ ደግሞ ትቆጪ ነበር፦ «መንዝ ምን አለ? ብርድና ድንጋይ!» እሷም «ብርድና ድንጋይ አለ፣ በዚያ ላይ እስከምትሞቺ ብታዪው የማያልቅ አገር አለ» ትልሻለች። ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ፣ ዛፍ በሌለበት ጓሳ፣ በግ እየጠበቀች ያደገች ሴት ናት። በግ የሚጠብቅ ልጅ ሩቅ ማየት አለበት። ጥላ የሚሆን ዛፍ ለእሷ ጥላ አይደለም፤ ቀበሮ የሚደበቅበት ነው።

ታስታውሻለሽ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔን እያስከተለች ጅሬን ትወጣ ነበር። ጉልበቷ እያመማት። ሰው «ጅሬን ዘመድ አላት እንዴ?» ይል ነበር። ዘመድም አልነበራት። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ትቀመጣለች። ከተማው ከታች፣ ከከተማው ወዲያ ደግሞ ያ ደረጃ በደረጃ ሰማያዊ እየሆነ የሚሄደው ኮረብታ። አትናገርም። እኔ ሸንኮራ እየጋጥኩ «እንሂድ» እላታለሁ። አንድ ቀን ብቻ «ንጉሡ ሞኝ አልነበሩም» አለችኝ። «ከ50 ዓመት በላይ የነገሡት ሩቅ የሚያይ ቤት ላይ ተቀምጠው ነው።» ያኔ አልገባኝም። ሸንኮራው ነበር የገባኝ።

አሁን እዚህ እኔ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? ዊኒፔግ መሐል አንድ ኮረብታ አለ። ኮረብታ አልኩሽ እንጂ የድሮ ቆሻሻ መጣያ ነው። ቆሻሻውን አፈር አልብሰው፣ ሣር ዘርተው መናፈሻ አደረጉት። ስሙን እንኳን አልደበቁትም፤ የቆሻሻ ኮረብታ ብለው በትልልቅ ፊደል አናቱ ላይ አቁመውበታል። ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ይዤ እዚያ እሄዳለሁ። ዳገቱ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ያቺ ሦስት ደቂቃ ግን! ጉልበቴ ዘንበል ሲል፣ ትንፋሼ ትንሽ ሲቆረጥ፣ ከፊቴ ያለው መሬት ከፍ ሲል ደስ ይለኛል። ልዩነታችን እምዬ ጅሬን የምትወጣው ሩቅ ለማየት ነው፤ እኔ የምወጣው ለመውጣቱ ብቻ ነው። አናቱ ላይ ደርሼ የማየው ያንኑ ሜዳ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ማለቴ በናንተ ክረምት በኛ በጋ፣ ከአበሻ ጓደኞቼ ጋር ሦስት ሰዓት ነድተን ራይዲንግ ማውንቴን የሚባል ፓርክ ሄድን። የዚያ የድሮው ሐይቅ ዳርቻ ነው አሉ። መኪናው ማርሽ ቀይሮ ዳገቱን ሲጀምር እንባዬ መጣ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ «ይሄ ነው ተራራ?» እውነታቸውን ነው። ከፍታው 800 ሜትር አይሞላም። አናቱ ላይ ቆሜ እንኳን ከአዌቱ ወንዝ በታች ነኝ። ዛፉም ቢሆን ጥድ ነገር ነው፣ ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመ፤ ሥሩ ምንም አይጠለልም። የኛ ዛፍ ሥር ቡና አለ፣ ዶሮ አለ፣ የሚያማ ሰው አለ።

እና ወደ ዋንዛው ልመለስ። ላስብበት ያልኩሽ እሱን ሳስብ ስለነበር ነው። መስከረም አካባቢ ነጭ ሲያብብ ግቢው በንብ ድምፅ የሚሞላው። ፍሬውን ለቅመን በልተን፣ በተረፈው ደብተር የምንለጥፍበት። ዝናብ ካባራ በኋላ እሱ ብቻውን ሩብ ሰዓት የሚያንጠባጥበው። እንዳይቆረጥ ልለምንሽ ነበር። ከዚያ ራሴን ታዘብኩት። እኔ እዚህ ሆኜ የማየው ዛፍ ነው፣ እናንተ እዚያ ሆናችሁ የምትኖሩበት ግቢ ነው። እምዬ በሕይወት ብትኖር ደግሞ መጥረቢያውን ራሷ ታቀብል ነበር።

ስለዚህ ቁረጡት። ገንዘቡን በዚህ ወር መጨረሻ በማሙሽ ስም እልካለሁ። አናጺው ግን ግንዱን ለማገዶ እንዳይሸጠው። ከወፍራሙ ቦታ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይውጣልሽ፤ እንደ ድሮው ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ይሁን፣ በምስማር የተመታ እንዳይሆን።

እትዬን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሳሚልኝ። የዚያ ማዶ ሐጂም ጉንፋኑ ለቀቃቸው ወይ?

አንድ ነገር ብቻ። ዛፉ ወርዶ ግንበኛው ከመግባቱ በፊት አንድ ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ ማሙሽ እዚያ ቦታ ላይ ይቁምና ስልኩን ወደ ጅሬን ያዙርልኝ። ኮረብታው ከጓሯችን ይታይ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ከታየ እምዬ ያን ሁሉ ዓመት ዳገቱን የወጣችው በከንቱ ነው።

ልጅሽ፣
ከዊኒፔግ