ካልኩለሱን ሳትጨርሺ አትዛወሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምሽ አይቀርም። ነገር ግን እኔ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ አንቺ ወደ ኮሌጅ ወጥተሻል፣ አንቺ ስትመለሺ ደግሞ እኔ ለመውጣት ጫማዬን እያሰርሁ ነው፤ ጉዳዩም በስልክ መልእክት የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍሁት። አማርኛው ከከበደሽ እናትሽ ታንብብልሽ። እንግሊዝኛዬ ይህን ያህል ነገር አይሸከምልኝም።

ባለፈው እሑድ ለወንድምሽ ስትነግሪው ሰምቻለሁ፦ ሁለተኛውን ካልኩለስ፣ ያንን የለውጥን ፍጥነት የሚያሰላውን ሒሳብ፣ እንዲሁም የቀረውን ኬሚስትሪ ትተሽ፣ እስካሁን ባጠራቀምሽው ክሬዲት ጠቅላላ ትምህርት ላይ ያተኮረውን የሁለት ዓመት ዲግሪ ይዘሽ በመጪው መስከረም ከዚህ ከሁለት ዓመቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትዛወሪ አስበሻል። «የአክስቴ ልጆች ሊመረቁ ነው፣ እኔ ገና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነኝ» አልሽው። ይህን ስሰማ ካልኩለሱ ከብዶሽ ሳይሆን አፍረሽ እንደምትቸኩዪ ገባኝ፤ እፍረቱን ቤታችን ያስገባሁትም እኔ ነኝ። በዕድርም በቤተ ክርስቲያንም «ልጅህ ምን ታጠናለች?» ሲሉኝ የምታጠኚውን ጂኦሎጂ፣ ማለትም የምድርንና የድንጋይን ጥናት፣ ትቼ «ኢንጂነሪንግ» እል ነበር፤ የት እንደምትማሪ ሲጠይቁኝም «ዩኒቨርሲቲ» ብዬ አልፋለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ ቆመሽ ሰምተሽኝ ዝም አልሽ። ያን ዝምታሽን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ይቅር በዪኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የሁለቱን ዲግሪዎች መስፈርት ከኮሌጅሽ ድረ ገጽ ላይ አውጥቼ፣ በእረፍት ሰዓቴ መዝገበ ቃላት ይዤ አንብቤዋለሁ። በምንኖርበት በዋሽንግተን ግዛት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚያሻግሩት መንገዶች አንቺን የሚመለከቱት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም 90 ክሬዲት ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው፣ አንቺ ያሰብሽው፣ ታሪኩንም፣ ሥነ ጽሑፉንም፣ ማኅበራዊ ሳይንሱንም እዚሁ አስጨርሶ የሚልክ ነው። ሁለተኛው ለሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በአንደኛው ዘርፉ ጂኦሎጂ ከባዮሎጂና ከኬሚስትሪ ጋር በስሙ ተጠቅሷል፤ የአንድ ዓመት ኬሚስትሪ፣ ቢያንስ ሁለት ኳርተር (የትምህርት ዘመኑ ክፍል) ካልኩለስ፣ የአንድ ዓመት ፊዚክስ ወይም ባዮሎጂ ያስወስድና ከጠቅላላ ትምህርቱ የተወሰነውን ለዩኒቨርሲቲው ይተወዋል። የመጀመሪያውን ይዘሽ ብትሄጂ በወረቀት ላይ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ትባያለሽ፤ ነገር ግን ኬሚስትሪውም ካልኩለሱም በሰንሰለት የተያያዙ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይከፈት ስለሆኑ፣ ከፍ ያሉት የጂኦሎጂ ኮርሶች በር ላይ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። እዚህ በጣም ባነሰ ክፍያ የሚያልቀውን እዚያ በሙሉ ዋጋ ትከፍዪበታለሽ፤ ከተሰለፉት መቶዎች መካከል ሆነሽ እንጂ አስተማሪው በስምሽ በሚጠራሽ ክፍል ውስጥም አይደለም። ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ቢጨመርብሽ እንኳ ቆይተሽ እንድትጨርሺው እፈልጋለሁ፤ ክፍያውን ለእኔና ለእናትሽ ተዪው።

«ድንጋይ ለማየት ካልኩለስ ምን ያደርጋል?» ብዬሽ እንደነበር አስታውሳለሁ። ያኔ ጂኦሎጂ ማለት መስኮት ላይ የደረደርሻቸው ጠጠሮችና እናትሽን ከልብስ ማጠቢያው ጋር ያጣላት የኪስሽ አሸዋ ብቻ መስሎኝ ነበር። መልስሽን ግን አልረሳሁትም፦ ዝናብ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ሲሞላ የውሃው ግፊት ቅንጣቶቹን ያላቅቃቸዋል፣ ተዳፋቱን የያዘው ሰበቃም ይዳከማል፤ ውሃው ምን ያህል ገባ፣ በምን ፍጥነት ይወጣል የሚለውን ለማስላት ደግሞ ያ ሒሳብ የግድ ነው አልሽኝ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2014 ከእኛ በስተሰሜን ኦሶ በምትባል መንደር ኮረብታው ተንዶ 43 ሰዎች ሲሞቱ አንቺ ልጅ ነበርሽ። ያ ተዳፋት እ.ኤ.አ. በ2006ም ተንሸራትቶ ነበር፤ አደጋው እንደሚያሰጋ ከዓመታት በፊት በጂኦሎጂ ባለሙያ በጽሑፍ ተገልጾም ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን በእጃቸው ቆፍረው ሊያወጡ የተሰበሰቡትን ሁለተኛው ናዳ ጨምሮ ወሰዳቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠሽ «ቁልቁለቱን ከላይ ያየለት ሰው አልነበረም?» ስትዪ እኔ መልስ አልነበረኝም።

የተወለድሁበትን ደብረ ሲናን የምታውቂው በፎቶግራፍ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ቁልቁል ሲወረድ ያለው አገር ገደል ለገደል ነው፤ በ1998 ዓ.ም. መባቻ በዚያው አካባቢ መሬቱ ተንሸራትቶ ብዙ ገበሬ ቤቱንም ማሳውንም አጣ። ዘመዶቼ በስልክ ሲነግሩኝ «መሬቱ ከዳን» ነበር ያሉኝ፤ እኔም ከዚያ ያለፈ ምክንያት አልፈለግሁም። የኢትዮጵያን ደጋ ከሸፈኑት የባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ንብርብሮች አንዱ በጣርማ በር ስም እንደሚጠራ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። በግ ስጠብቅ የተቀመጥሁበት ድንጋይ በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ የአካባቢዬን ስም ይዞ መገኘቱን ከልጄ መማሬ፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ ከማንኛውም ዲፕሎማ በላይ አኩርቶኛል። በማግስቱ ለሥራ ባልደረባዬ፣ ለዚያ ለደሴው ልጅ፣ «ልጄ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጂኦሎጂ ታጠናለች» ብዬ በሙሉ አፌ ነገርሁት። እሱም ጂኦሎጂ ምን እንደሆነ ጠየቀኝና የምሳ ሰዓታችንን ጨረስንበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ለምትመዘገቢባቸው ኮርሶች ሁሉ፣ የምትፈልጊው ዩኒቨርሲቲ በምን አቻ እንደሚቀበላቸው ከመመዝገብሽ በፊት በጽሑፍ ያዢ፤ ቃል ይጠፋል፣ አማካሪም ይቀየራል። የሁለተኛው ካልኩለስ ክፍል ቶሎ ስለሚሞላ ምዝገባው በተከፈተበት ማለዳ ስምሽን ማስገባት ያስፈልጋል፤ ያን ቀን ከሥራ ስመለስ እቀሰቅስሻለሁ።

የአማካሪሽ ቀጠሮ ሐሙስ መሆኑን እናትሽ ነግራኛለች። ፈረቃዬን ስለቀየርሁ እኔ አደርስሻለሁ። ውስጥ ከአንቺ ጋር ልግባ አልልም፤ የኮሌጁ መኪና ማቆሚያ ላይ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ